ጄሉ ውስጥ የበቀለ አጥንት

ኑኃሚን ሻርጃ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የላብራቶሪ ቴክኒሺያን ነበረች። ቡድኗ የጎደለ አጥንት መልሶ የሚያበቅል ጄል ይሞክራል። ውሃ ያዘለው ለስላሳ ጄል እንደ ሕንፃ ርብራብ ነው፤ ውስጡ የተዘሩት ሴሎች እሱን ተደግፈው አጥንት ይሠራሉ፣ እሱ ደግሞ ቀስ እያለ ይሟሟል።

ኮሮና ገብቶ ግቢው ሲዘጋ፣ ኃላፊዋ ዶክተር ሰዒድ ወደ ዮርዳኖስ አገር እንደሄዱ እዚያው ቀሩ።

«ሴሎቹ በየሁለት ቀኑ ምግባቸው ካልተቀየረ ይሞታሉ» አሏት በስልክ። «አሥራ ሁለቱንም ጄሎች ጣያቸው። ምን ይደረጋል?»

«የመግቢያ ፈቃድ ብቻ ያውጡልኝ፤ እኔ እመላለሳለሁ።»

«ከአጅማን? አውቶቡስ እኮ የለም!»

«የመምጣቱን ነገር ለእኔ ይተዉት።»

እንዲህ ያስጨከናት ባዩሽ ናት። አጅማን፣ አል ኑዓይሚያ ሰፈር አንድ ክፍል ይጋራሉ። ባዩሽ ዱባይ ሚርዲፍ፣ አሠሪዋ ማዳሟ ቤት መስኮት ስታጸዳ ወድቃ፣ ከቅልጥሟ ሁለት ጣት የሚያህል አጥንት ጎድሎባት በክራንች ነው የምትሄደው።

ኑኃሚንን የቤተ ክርስቲያን ወንድሟ ጋሽ ካሣሁን ውሃ በሚያከፋፍልበት መኪና ይወስዳት ጀመር። «ያላ፣ ግቢ! መስኮቱን ግን ክፈቺው» ይላታል፣ ማስኩን ወደ ላይ እየሳበ።

በሦስተኛው ሳምንት መኪናው ወደ ሩቁ ሐታ ተመደበ። ኑኃሚን በግንቦት ሐሩር ሦስት ሰዓት ያህል በእግሯ ሄደች። ደርሳ ቁጭ ብላ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች፤ ጓንት አጠለቀች። ከዚያ የአሥራ ሁለቱንም ምግብ ቀየረች። መኪናው እስኪመለስ እንዲህ ሦስት ቀን ተመላለሰች።

ሴሎቹ በተዘሩ በሃያ ስምንተኛው ቀን ካልሲየም ያለበትን ብቻ የሚያቀላውን ቀለም ጨመረች። ትርፉን አጠበችው። ከአሥራ ሁለቱ ስምንቱ ጄሎች ደም መሰሉ። ስልኳን ማይክሮስኮፑ ላይ ደግና ለዶክተሩ አሳየቻቸው። ዶክተር ሰዒድ ወደ ስልካቸው ተጠጉ።

«እስኪ አራተኛውን ድገሚልኝ» አሉ። «ዋላሂ፣ አጥንት መሥራት ጀምረዋል!»

ማታ በስልኳ ያነሳችውን የጄሉን ፎቶ ለባዩሽ አሳየቻት።

«ለእኔ ይደርሳል?»

ኑኃሚን ልትዋሻት አልፈለገችም። «እንጃ። ገና በእንስሳ ይሞከራል፤ ዓመታት ይፈጃል።»

ባዩሽ ፎቶውን በሁለት ጣቶቿ አስፍታ ቀዩን ነጥብ ደጋግማ አየችው። «ዕድሜዬ ሃያ ስድስት ነው» አለች። «ዓመታት አሉኝ።»