ጨርቁን አሳዪኝ

ቅዳሜ በአትላንታ ሰዓት ከምሽቱ 9፡05 ላይ፣ ገና ምንም ሳይለወጥ፣ መኪናዋ በመኪና ሲኒማው ሜዳ አራተኛው ረድፍ ውስጥ ከግራ ሰባተኛ ሆና ቆማለች። ሞተሩ ጠፍቷል። ሬዲዮው የፊልሙ ድምፅ በሚተላለፍበት ጣቢያ ላይ ነው። መሪው ጋ ኤርሚያስ፣ አጠገቡ ሚስቱ ምህረት፣ ከኋላ ወይዘሮ ዘውድነሽ ተቀምጠዋል። በፊተኞቹ ወንበሮች መካከል አንድ ባልዲ ፈንዲሻ አለ። የምህረት ስልክ ጠፍቶ ዳሽቦርዱ ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። በወይዘሮ ዘውድነሽ እግር ሥር አፉ የተቋጠረ ጥቁር ፌስታል አለ።

ምህረት ፌስታሉን አይታዋለች። ምግብ የያዘ መስሏት ነበር።

«ለአባዬ ልደውልለት፤ ቅዳሜ እኮ ነው» አለች።

«ዛሬ ስልክ የለም» አለ ኤርሚያስ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ። «ሳምንቱን ሙሉ ደብል ሺፍት ስትሠሪ ነው የከረምሽው። ነገ ትደውያለሽ። ዛሬ ጀስት ሪላክስ አድርጊ።»

«እውነቱን ነው» አሉ ወይዘሮ ዘውድነሽ።

ወይዘሮ ዘውድነሽ የእድሩ የሴቶች ተጠሪ ናቸው። አትላንታ በኖሩባቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ሲኒማ ገብተው አያውቁም። ዛሬ ግን «እስቲ እኔም ይህን የሜዳ ሲኒማችሁን ልየው» ብለው መኪናዋ አጠገብ ጠበቋቸው።

ፊልሙ አንድ ወፍራም ሰውዬ ከጎረቤቱ አውራ ዶሮ ጋር የሚጣላበት ነበር። ዶሮው የሰውየውን ሰው ሠራሽ ፀጉር ነጥቆ ጣሪያ ላይ ሲወጣ ምህረት እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ወይዘሮ ዘውድነሽ ከኋላ ሶፍት አቀበሏት።

«ሳቂ፣ የኔ ልጅ» አሏት። «ጠግበሽ ሳቂ።»

ማክሰኞ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ስኔልቪል ባለው ቤቷ ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ፣ ምህረት ከሁሉም በላይ የምታስበው ያንን ሳቅ ነበር። ሶፋዎቹ ጋራዥ ገብተዋል። በሩ አጠገብ ሠላሳ አንድ ጥንድ ጫማ ተደርድሯል። አዲስ የመጡት ለቅሶ ደራሾች «እግዜር ያጥናሽ» እያሉ ጎንበስ ብለው አለፉ፤ ከዚያ ግድግዳ ጥግ ተቀምጠው የወረቀት ብርጭቆ ይዘው በሹክሹክታ ማውራት ጀመሩ።

«ጎረቤት ደጅ ነው ፓርክ ያደረግኩት። ቶው አድርገው ይወስዱብኝ ይሆን?»

«ለቅሶ እንደሆነ ያውቃሉ። ይልቅ ኤርሚያስን አየኸው? እሁድ ጠዋት እኮ በሩ ጋ ተዘርሮ ነው ያለቀሰው። እንዲህ ለሚስቱ አባት የሚያለቅስ ሰው አይቼ አላውቅም።»

ምህረት ሰማቻቸው። እሷ የሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። እዚያ ደም የተቀዳበት ሰዓት ያልተጻፈበት ብልቃጥ አይመረመርም፤ ይጣላል። ከእሁድ ጀምሮ የምትፈልገውም አንድ ሰዓት ነበር። ስትስቅ አባቷ ሞተው ነበር ወይስ በሕይወት ነበሩ? ኤርሚያስን «መቼ ነው ያረፈው?» ስትለው «አርብ» አላት። ወይዘሮ ዘውድነሽ «ለአርብ አጥቢያ ነው» አሏት። መርዶውን ይዘው ከመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ደግሞ «ሐሙስ ነው የሰማነው» አሉ። አዳማ ካለው ወንድሟ ከአንዷለም ጋር እሁድ ከሰዓት በኤርሚያስ ስልክ አገናኝተዋቸው ነበር፤ ሁለቱም አለቀሱ እንጂ አልተነጋገሩም።

እኩለ ቀን አለፍ ሲል የሥራ ባልደረባዋ ሱአድ ከክላርክስተን መጣች። ድስቱን ኩሽና አስቀምጣ ስትመለስ የሆነ ነገር መዳፏ ውስጥ ይዛለች።

«ስልክሽ አይደል? ማንኪያ ስፈልግ መሳቢያ ውስጥ አገኘሁት። ማን እዚያ አስገባው?»

«እንዳትረበሽ ብለን ነው» አሉ ወይዘሮ ዘውድነሽ ፈጠን ብለው።

«ሦስት ቀን ሙሉ?» አለች ሱአድ። «እኛ ቤት ሰው ሲሞት ወዲያው ይነገራል፤ ወዲያው ይቀበራል። የናንተ ግን ሁሌ ግራ ይገባኛል።» ከዚያ በተናገረችው አፍራ ምህረት ጎን ተቀመጠች።

ምህረት ስልኩን አበራችው። ከመልእክቶቹ ሁሉ በላይ ሦስት ያልተነሱ የቪዲዮ ጥሪዎች ነበሩ። «አባዬ» ይላል፤ ቅዳሜ 9፡12። «አባዬ» ቅዳሜ 9፡15። «አባዬ» ቅዳሜ 9፡31።

አባቷ አቶ አምባቸው የጤና ጥበቃ ተንቀሳቃሽ ሲኒማ ሠራተኛ ነበሩ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጄኔሬተርና ማሳያ ማሽን በላንድሮቨር ጭነው ከወረዳ ወረዳ እየዞሩ የወባና የኮሌራ ፊልም አሳይተዋል። ገበያ መሃል ሁለት ግንድ ያቆማሉ፤ መሃሉ ላይ ነጭ ጨርቅ ይወጥራሉ። ጨርቁን የሚያጥፉት ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነበር፦ ፊልሙ የሚያርፍበት ገጽ ወደ ውስጥ፣ አራቱ ማዕዘኖች ወደ መሃል፣ ከዚያ እንደገና ለሁለት።

ምህረት አሥራ አንድ ዓመት ሲሆናት ከትምህርት ቤት አስፈቅደው ለሥራ ይዘዋት ወጡ። አሥራ ሁለት ቀን በስድስት ከተማ ዞሩ። ከጨርቁ ጀርባ ተቀምጣ ፊልሙን ተገልብጦ ታየዋለች፤ ትንኟ ከግራ መምጣት ሲገባት ከቀኝ ስትመጣ ትስቃለች። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ቤት ሲገቡ እናቷ ከሞተች አሥራ ሦስት ቀን ሆኗት ነበር።

ስለዚያ ነገር ተነጋግረው አያውቁም ነበር፤ የዛሬ ሁለት ዓመት በጋ አትላንታ ሊጠይቋት እስኪመጡ ድረስ። የመኪና ሲኒማውን ሲያዩ ፊልሙን ትተው መኪና ቆጠሩ፤ መቶ አርባ ሁለት። «ይህን ሁሉ ሰው በአንድ ጨርቅ!» አሉ። ስክሪኑን ጨርቅ ነበር የሚሉት። ከዚያ በእረፍቱ ሰዓት፣ ኤርሚያስ መሪው ጋ እንደተቀመጠ፣ ከፊታቸው ያለውን እያዩ ተናገሩ።

«የእናትሽን ሞት የደበቅሁሽ ላንቺ ብዬ አልነበረም። ለመናገር ፈርቼ ነው። አሥራ ሁለት ሌሊት ስትስቂ አየሁሽ። እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።» ወደ ኤርሚያስ ዞሩ። «ልጄ፣ የኔ ነገር ሲመጣ አትሸፋፍኑባት። ሞት ቢሆን ሞት፣ ሕመም ቢሆን ሕመም። ቃል ግባልኝ።»

«ምን ያናግርዎታል፣ አባባ» አለ ኤርሚያስ።

«ቃል ግባልኝ።»

ገባላቸው።

ወደ አዳማ ከተመለሱ በኋላ ከሲኒማው አንድ ልማድ ቀርቶላቸው ነበር። በጋ በመጣ ቁጥር፣ ቅዳሜ ፊልሙ ሲጀምር ምህረት በቪዲዮ ትደውላለች። እሳቸው ጋ ከንጋቱ አሥር ሰዓት አለፍ ይላል፤ ለኪዳን የሚነሱበት ሰዓት ነው። ፊቷን ስታሳያቸው ይቆጣሉ። «አንቺን አውቅሻለሁ። አዙሪው፣ ጨርቁን አሳዪኝ» ይላሉ። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ስክሪኑ ታዞራለች። አንዳንዴ አርባ ደቂቃ።

ምህረት ከፍራሹ ተነስታ ወጣች። ወይዘሮ ዘውድነሽ «ወዴት ነው?» አሉ፤ ሱአድ «አየር ትቀበል ተዋት» አለች። ደጅ የቆመችው መኪና ውስጥ መሪው ጋ ገብታ በሩን ዘጋች። ወለሉ ላይ ፈንዲሻ ተበትኗል። ወንድሟ አንዷለም ጋ ደወለች።

«አንዱ፣ ቅዳሜ በአባዬ ስልክ የደወለልኝ ማነው?»

«ራሱ ነዋ። እኔ ስልኩን ያዝኩለት እንጂ።»

ምህረት ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

«ሆስፒታል ሆነን ሊነጋ ሲል ነቃ። ‹እዚያ ቅዳሜ ማታ አይደል? ፊልሙ ሊጀምር ነው፣ ደውልላት› አለኝ። ሦስቴ ሞከርን። አላነሳሽም።»

«ምን አለ?»

«ምን ይላል… ‹ስልኩ ጨርቁን እያየ ይሆናል፣ እኛ ነን ያልታየን› አለ። ቆይ፣ ምህረት፣ እኔ እኮ አርብ ዕለት ለኤርሚያስ ነግሬዋለሁ። ሆስፒታል ገብቷል፣ ጠንቶበታል፣ ቀስ ብለህ ንገራትና ትምጣ አልኩት። ትኬት እየቆረጣችሁ መስሎኝ ነበር።»

አርብ ማታ ብትሳፈር ቅዳሜ ማታ አዲስ አበባ ትገባ ነበር። ከዚያ አዳማ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ቅዳሜ ለእሁድ ሊነጋ ሲል አልጋው አጠገብ ትሆን ነበር።

«መቼ ነው ያረፈው?»

«እሁድ። ወዲያው ለኤርሚያስ ደወልኩለት። አልነገረሽም?»

«ሰዓቱን ንገረኝ።»

«ሰዓቱ ምን ያደርግልሻል?»

«አንዱ፣ ንገረኝ።»

«ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ። ነርሷ ወረቀቱ ላይ ስትጽፈው አጠገቧ ነበርኩ።»

ስልኩን ስትዘጋ ኤርሚያስ በመስኮቱ በኩል ቆሟል። መስታወቱን አወረደችው።

«አርብ አንዷለም ሲደውል ሞቷል አለህ?»

«ታመዋል ነው ያለኝ። ጠንቶባቸዋል።»

«ታዲያ?»

«ማን በስልክ ሞተ ብሎ ያውቃል፣ ምህረት? የኔ እናት ስትሞት ‹ትንሽ አሟታል› ነው የተባልኩት። የእትዬ ዘውድነሽ ወንድምም እንደዚያው። እሳቸው ጋ ሄጄ ነገርኳቸው፤ ‹በቃ፣ አርፈዋል፣ እሁድ ንጋት ላይ እናርዳት› አሉ። እስከዚያ ስልክ እንዳትነኪ… እንድትስቂ ብዬ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ እንኳ ትሳቅ ብዬ።»

«‹በሕይወት አለ ወይ› ብለህ መጠየቅ አቃተህ?»

«እንዴት ተብሎ ይጠየቃል?»

«እንደዚህ። በሕይወት አለ ወይ?»

ኤርሚያስ መሬት መሬት አየ። «እሁድ ሲደውልልኝ ቤቱ በሰው ሞልቶ ነበር። አንቺ እየጮህሽ ነበር። ምን ልልሽ እችል ነበር?»

«ከነሱ ሁሉ አንተ ታውቅ ነበር» አለችው። «እዚሁ መኪና ውስጥ ነው ቃል የገባህለት። ይኸው፣ እዚህ ወንበር ላይ።»

እጁን በመስኮቱ አስገብቶ ትከሻዋን ሊነካ ሲል መስታወቱን ወደ ላይ አደረገችው። ቀስ ብላ ነው፤ እጁን እስኪያወጣ ጠበቀችው።

ከመኪናው ወርዳ ሳሎን ስትገባ ሹክሹክታው ተቋረጠ። ወይዘሮ ዘውድነሽ ፍራሹ ላይ ቦታ ለቀቁላት፤ አልተቀመጠችም። ትከሻዋ ላይ ያለውን ጥቁር ነጠላ አወለቀች። ያ ነጠላ ከጥቁሩ ፌስታል የወጣ ነው። እሁድ ንጋት ሽማግሌዎቹ ሲገቡ፣ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ ወይዘሮ ዘውድነሽ ናቸው ቋጠሮውን ፈትተው ያለበሷት። ምህረት ያኔ ምድጃው ላይ ያለውን ሰዓት አይታለች፤ አረንጓዴዎቹ ቁጥሮች ልክ 6፡00 ይላሉ።

«ምነው ልጄ፣ ዛሬ እኮ ሣልስት ነው» አሉ ወይዘሮ ዘውድነሽ። «ከል በሣልስት አይወልቅም። ሰው ምን ይላል?»

«የርስዎ ነው፣ እትዬ።»

«ላንቺ ብለን ነው የደከምነው።»

«አውቃለሁ።»

ወለሉ ላይ ተንበርክካ ነጠላውን ዘረጋችው። ለቅሶ ደራሾቹ እግራቸውን ሰበሰቡላት። ለብሳው የነበረውን ገጽ ወደ ውስጥ አደረገች፤ አራቱን ማዕዘኖች አንድ በአንድ ወደ መሃል አመጣች፤ በመዳፏ ዳበሰችው፤ እንደገና ለሁለት አጠፈችው። ከዚያ ወይዘሮ ዘውድነሽ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው።

አትላንታ ከአዳማ በሰባት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። አባቷ ያረፉት በዚህ፣ በፈረንጆቹ የሰዓት አቆጣጠር፣ እሁድ ጠዋት 7፡10 ላይ ነበር። ነጠላው ትከሻዋ ላይ ከወደቀ ሰባ ደቂቃ በኋላ።