ጉንጯ የተበላው ወርቅ

15

«በእጅሽ አትንኪው አልኩሽ እኮ።»

ትርንጎ ናት። ድሬዳዋ ውስጥ ደንበኛዋን እየተቆጣች የምትሠራ እሷ ብቻ ነች። በዚያ ሙቀት የጥጥ ጓንት አጥልቃ ትውላለች። ሥራዋ የድሮ ሳንቲም እያየች ደረጃ መስጠት ነው።

ዘነቡ እጇን ሰበሰበች። «ከተወለድኩ ጀምሮ ስነካው የኖርኩትን?»

«ለዛ ነዋ እንዲህ የሆነው። ጉንጯን እዪው። ሙልጭ።»

ወርቁ የጥንት የአሜሪካ አምስት ዶላር ነው። ቆብ ያደረገች ሴት፣ ዙሪያዋን ኮከብ። ዋጋው ላዩ ላይ የለም፤ ያኔ መጻፍ አልጀመሩም። በጂቡቲ ይምጣ በሌላ፣ የሚያውቅ የለም። የዘነቡ ቅድመ አያት አንገት ላይ እንደነበረ ግን ፎቶ አለ፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ወርቁ ደረታቸው ላይ።

አናቱ ላይ የማንጠልጠያ ብየዳ ጠባሳ አለበት። የትርንጎ የሱቅ ጎረቤት፣ ወርቅ ሠሪው ጋሽ ኢድሪስ፣ ገና ሲያየው «የአባቴ እጅ ነው» ብሎ ፎክሯል።

15

ከላይ ያለው ቁጥር የምዕራፍ አይደለም። የወርቁ ነው። ለዚህ ነው ሁለቴ አሥራ አምስት የሆነው። እስካሁን ምንም አልተለወጠም።

መለኪያው ከአንድ እስከ ሰባ ነው። አንድ፣ ሳንቲም መሆኑ ብቻ የሚታወቅ። ሰባ፣ ከተመታ ጀምሮ ማንም ያልነካው።

ሞክሪው። ጠርዙን ያዢ፤ ፊቱን በጭራሽ። መብራት ሥር አዘንብዪው። መጀመሪያ የሚበላው ከፍ ያለው ነው፦ ጉንጯ፣ ከጆሮዋ በላይ ያለው ጸጉር፣ የቆቧ እጥፋት። ከጀርባው የንስሩ ደረት። አዲስ ከሆነ ብርሃኑ እንደ ጋሪ ጎማ ይዞራል። ካልዞረ እጅ በልቶታል።

ጭረት ብታዪ አትደንግጪ። አንዳንዱ የልደት ነው፤ ከመመታቱ በፊት ከብዶ ከተገኘ በሞረድ ይፍቁት ነበር። እሱን አንቆጥርም።

የምንቆጥረው ሰው ነው።

15

«እኛ ቤት ሴት ልጅ ስትወለድ» አለች ዘነቡ፣ «ገና ሳትታጠብ አውራ ጣቷን የወርቁ ጉንጭ ላይ ያሹታል። ቅድመ አያቴም፣ አያቴም፣ እማዬም፣ እኔም።»

«ለምን?»

«እንድትቆጠር።»

«ቆጥራችሁ ቆጥራችሁ ጨረሳችኋት።»

ዘነቡ ሳቀች። «እማዬ ሳልሞት ደረጃውን ልወቅ ብላ ነው። ከዛ ይመለሳል። ሳታሸው እንቅልፍ አይወስዳትም።»

«ከእንግዲህ ማሸት የለም። እኔ ጋ ይቆይና በደንብ ልየው።»

ትርንጎ ወርቁን ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ አድርጋ አሸገችው። የታሸገ ሳንቲም አይለወጥም። የሙያው ሃይማኖት ይሄ ነው።

30

አየችው። አጉሊ መነጽሯን ጠረገች። እንደገና አየችው።

ከጆሮዋ በላይ ጸጉር አለ።

«ተሳስቼ ነው» አለች። ትርንጎ ይሄን ቃል ስትል የሰማ ሰው የለም። እሷም ጮክ ብላ አላለችውም።

40

የብየዳው ጠባሳ የለም።

«ጋሽ ኢድሪስ» ብላ ተጣራች በግድግዳው በኩል፣ «አባትህ የበየደው ወርቅ ትዝ ይልሃል?»

«የትኛው አባቴ?»

«ወርቅ ሠሪው ነዋ። ስንት አባት ነው ያለህ?»

«አባቴ የባቡር ሰው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ወርቅ ነክቶ አያውቅም። ምን ሆነሻል አንቺ፣ ጫቱን ያለ ውሃ ነው የያዝሽው?»

ይስቃል። ግን እየቀለደ አይደለም።

50

በስልክ፦

ትርንጎ፦ የቅድመ አያትሽን ፎቶ ተመልከቺልኝ እስቲ።

ዘነቡ፦ የምን ፎቶ?

ትርንጎ፦ ግድግዳው ላይ ያለው። ወንበር ላይ የተቀመጡበት።

ዘነቡ፦ እሱማ ወንበር ብቻ ነው።

ትርንጎ፦ ተነስተሽ እዪው።

ዘነቡ፦ እያየሁት ነው አቦ። ወንበር ነው። ማን ባዶ ወንበር ፎቶ እንዳነሳ እንጃ።





ትርንጎ፦ እናትሽ ደህና ናቸው?

ዘነቡ፦ ማን ወለደኝ ስትል ዋለች። የአያቴን ስም ልነግራት ብዬ እኔም ጠፋብኝ። ሙቀቱ ነው መሰለኝ።

55

ትርንጎ እነዘነቡ ቤት ሄደች። ወርቁን ሱቅ ትታ።

የዘነቡ እናት እማማ አትጠገብ በሩ አጠገብ አልጋቸው ላይ ናቸው። አውራ ጣታቸው ሌባ ጣታቸው ላይ ይመላለሳል። ባዶውን ያሻሉ።

«አምጪው ልጄ።»

«እያማረ ነው እኮ እማማ። ቢያዩት አያውቁትም።»

«ማማሩን ማን ጠየቀሽ?»

እጃቸውን ሰጧት። ትርንጎ ጓንቷን ሳታወልቅ ያዘችው። አውራ ጣታቸው ላይ መስመር የለም። ሰው ሁሉ ያለው፣ ፖሊስ ጣቢያ ቀለም የሚቀቡት፣ ያ መስመር።

ሙልጭ።

«አመጣዋለሁ» አለች። ልታመጣው ነበር። ግን እንዲህ ያለ ቁጥር እጇ ገብቶ አያውቅም። ስልሳን ቢያልፍስ? አንዴ ብቻ ልየው፣ ከዛ እመልሰዋለሁ፣ አለች።

ይህችን «አንዴ ብቻ» ያዢልኝ።

58

ቁጥሩ ፈጥኗል። እኔም ልፍጠን።

62

ብርሃኑ ዞረ።

እንደ ጋሪ ጎማ። ከኮከብ ወደ ኮከብ፣ ጉንጯን ዳብሶ፣ ተመልሶ። ትርንጎ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። አይደበቅም፤ ደስ አላት።

ከዛ ሮጠች።

በሩን ዘነቡ ከፈተች። «ማንን ፈልገሽ ነው?»

«እናትሽን።»

«ቤት ተሳስተሻል። ብቻዬን ነው የምኖረው።»

«ዘነቡ፣ እኔ ነኝ። ትርንጎ።»

«ስሜን ማን ነገረሽ?»

በትከሻዋ በኩል ወደ ውስጥ አየች። በሩ አጠገብ አልጋ የለም። ወለሉ ላይ የአልጋ እግር የሠራቸው አራት ጉድጓዶች አሉ። አንደኛው እያየችው ሞላ።

62

ሁሉ ሲረሳ ትርንጎ እንዴት አስታወሰች? ብለሽ ጠይቀሻል።

ጓንቷን እዪ። አንድም ቀን አልነካችውም። የሚፋቅ የላትም።

66

ሱቋ ናት። አጉሊ መነጽሩ ዓይኗ ላይ።

ጸጉሯ ክር በክር። ቆቧ። የንስሩ ላባ። ሁሉም ትናንት የተመታ ይመስላል። ጉንጯ ላይ ብቻ አንዲት ደብዛዛ ነጥብ ቀርታለች። ያልታጠበች ሕፃን አውራ ጣት የምታህል።

ዘነቡ ጋ ደወለች። የደወሉለት ቁጥር የለም አላት።

ነጥቧ ጠበበች።

69

ሲጨንቅሽ እንዲህ አድርጊ፦

መዶሻ ከጋሽ ኢድሪስ ተዋሺ። ለምን ቢልሽ አትመልሺ። ፕላስቲኩን ጥጉ ላይ ምቺው፤ መሃሉን አይደለም። ጓንትሽን አውልቂ። እጅሽን አትታጠቢ። ላብ ይሻላል፣ ቅባት ይሻላል፤ ዕድሜሽን ሙሉ የከለከልሽው ሁሉ ዛሬ ይሻላል።

እወቂ ደግሞ። ቁጥሩ ይወድቃል፤ ሁለተኛ አይነሳም። አንቺም ከዛሬ ጀምሮ ትቆጠሪያለሽ። ማንም ተነስቶ ቢያሽገው፣ መፋቁ ካንቺ ነው የሚጀምረው።

ትርንጎ ይሄን ሁሉ አውቃ አውራ ጣቷን ጉንጯ ላይ አደረገች።

ወርቁ ሞቀ። የሰው ፊት ያህል።

አሸችው።

69

አሸችው።

69

አሸችው። ጣቷ እስኪላጥ።

68

ጋሽ ኢድሪስ መዶሻውን ሊወስድ መጣ። የተሰባበረውን ፕላስቲክ አየ። ባዶ እጇን አየ።

«ምነው ትርንጎ፣ በእጅሽ?»

«ጋሼ፣ ዘነቡን ታውቃታለህ?»

«ዘነቡ?»

«ዘነቡ።»

«የማን ልጅ?»

ማሸቷን አላቆመችም። «የእማማ አትጠገብ።»

መዶሻውን አንስቶ አስቀመጠው። ግንባሩን አከከ። የሆነ ነገር ከሩቅ እንደሚሰማ ሰው ወደ በሩ ዞረ፣ ከዛ ወደ እሷ።

«አትጠገብ» አለ። «አትጠገብ…»

__