ዛፉ የወደቀበት ቤት

«ሠላሳ አንድ!» ብላ ተጣራች ኦዴት፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ።

ከደጅ ጄኔሬተሩ ያጓራል፤ ወለሉ ላይ የተደረደሩት ማራገቢያዎች የራሰውን ምንጣፍ ለማድረቅ ይታገላሉ። አውሎ ነፋሱ ካለፈ ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው። በዚህች የሉዊዚያና ጠረፍ ከተማ መብራት ያለው ቤተ መጻሕፍቱ ብቻ ስለሆነ፣ ሰዉ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ፣ የእርዳታ ቅጽ ሊያስሞላ፣ አንዳንዱም እንዲያው ከሰው መሐል ሊቀመጥ ከጠዋት ጀምሮ ይጎርፋል። የልጆች መጻሕፍት ክፍል ባዶውን ቀርቷል። ውኃ ጠጥተው ያበጡትን መጻሕፍት ኦዴት ራሷ በጋሪ እየገፋች አውጥታ ከደጅ ከምራቸዋለች።

«ሠላሳ አንድ!»

«መጣሁ! ደንቆሮ መሰልኩሽ?»

ኦዴት ድምፁን አወቀችው። ቀና ስትል ኤርሊን ባቲስት የተራ ቁጥሯን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ቆማለች። ከምጽዋት ክምር የተመረጠ የሚመስል ሰፊ የወንድ ሸሚዝ ለብሳለች፤ ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው። አጥር ለአጥር ሃያ ሰባት ዓመት የኖሩ ጎረቤታሞች ናቸው። ከተነጋገሩ ግን ሁለት ዓመት አልፏቸዋል።

«ይቀመጡ» አለች ኦዴት።

«ሌላ ሰው የለም?»

«ሌላዋ ሠራተኛ ቤቷ ፈርሶባት ሂዩስተን ልጇ ዘንድ ሄዳለች። ያለሁት እኔ ነኝ።»

ኤርሊን እንደ መቀመጥም እንደ መሄድም እያደረጋት ጥቂት ቆየችና ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። «ይቀመጡ! ከመቼ ወዲህ ነው አንቱ የሆንኩት?»

«እዚህ የሚመጣውን ሁሉ አንቱ ነው የምለው።»

ያጣላቸው የፒካን ዛፍ ነው። የኦዴት ባል አልሲድ በተጋቡ ዓመት የተከለው ዛፍ ነበር፤ እያደር ቅርንጫፉ ከኤርሊን ጣሪያ በላይ ተንሰራፋ። አልሲድ በሞተ በሦስተኛው ወር ኤርሊን የዛፍ ቆራጭ ዋጋ የተጻፈበት ወረቀት ይዛ መጣች። ኦዴት «የባሌ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ!» ብላ በሩን ፊቷ ላይ ዘጋችው። ልጅ አልነበራትም። ከዚያ ቀን ወዲህ በቤቷ ውስጥ ስሟን የሚጠራ ሰው ጠፋ። ቀን ቀን ሰዉ ሁሉ «ሚስ ኦዴት፣ ሚስ ኦዴት» ሲላት ይውላል፤ ቤቷ ስትገባ ግን ለቴሌቪዥኑ መልስ እስከ መስጠት ደርሳ ነበር።

አውሎ ነፋሱ ዛፉን ሲጥለው ወደ እሷ አልወደቀም። የእሷ ቤት ከጣሪያው ጥቂት ክዳን ብቻ ተገንጥሎበት ደኅና ተረፈ። የኤርሊን ቤት ለሁለት ተከፈለ። ኦዴት ከመጠለያ የተመለሰች ዕለት አይታው፣ በዚያ በኩል ያለውን መስኮት በመጋረጃ ሸፈነችው። ኤርሊን ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ እንደምታድር ሰምታለች፤ ሄዳ ግን አልጠየቀቻትም።

ቅጹን መሙላት ጀመረች። ስሙንና አድራሻውን ሳትጠይቅ ጻፈችው።

«የልደት ቀን?»

«ታውቂው የለ።»

ታውቀዋለች። ስንት ዓመት ኬኩን የጋገረችው እሷ ናት። ጻፈችና ቀጠለች።

«በቤቱ የሚኖሩ ሰዎች ብዛት?»

«አንድ።»

«የጉዳቱ መንስኤ?»

ኤርሊን ወደ ፊት ተጠጋች። «እንደነገርኩሽ ትጽፊዋለሽ?»

«ቃል በቃል።»

«እንግዲያው ጻፊ። የጎረቤቴ ዛፍ ወደቀብኝ። አስቆርጪው ብዬ ለምኛት ነበር። እምቢ አለችኝ።»

ኦዴት ጻፈች። ይህ ጽሑፍ ነገ ተመልሶ በራሷ ላይ ሊመጣ እንደሚችል አላጣችውም። እጇ ግን አልቆመም። ጽፋ ስትጨርስ፣ «የማስቆረጫውን ግማሽ እከፍላለሁ ማለትሽንስ ልጨምረው?» አለች።

ኤርሊን ትክ ብላ አየቻት። «ጨምሪው።» ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በሦስት ወሩ መምጣቴ ግን ደግ አልሠራሁም። እሱን አትጻፊው።»

«ለእሱ የሚሆን ቦታ ቅጹ ላይ የለም።»

ኤርሊን ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት፤ ግን ወዲያው ፊቷ ተለወጠ። «ዛፉ ሲወድቅ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ፍራሽ ላዬ ላይ ጭኜ ተኝቼ ነበር። በሩ አልከፈት አለኝ። ድምፄ እስኪዘጋ አንቺን ስጣራ ነበር። መሄድሽን አላወቅኩም።»

ኦዴት ሁለቱንም እጆቿን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳች።

«ስሄድ መብራትሽ በርቶ አይቻለሁ» አለች። «መኪናውን አስነስቼ ከበርሽ ፊት ቆሜ ነበር። ወርጄ ማንኳኳት አቃተኝ። እሷስ መቼ ታንኳኳልኛለች ብዬ ሄድኩ።»

«አንኳኳልሽ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

ከኋላ የተሰለፈ አንድ ሽማግሌ፣ «እመቤቶች፣ ጨዋታው ደርቷል፤ እኛም እኮ ጣሪያ የለንም!» ብሎ ጮኸ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ኦዴት ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠርጋ ወደ ቅጹ ተመለሰች።

«ስልክ ቁጥር?»

«ስልኬ ዛፉ ሥር ነው ያለው።»

«ቅጹ ያለ ቁጥር አልፍም ይላል። ጉዳቱን የሚያየው ሰው ሊመጣ ሲል ይደውላል። ካላገኘሽ ፋይሉን ይዘጋዋል።»

«እንግዲህ ይዝጋው፤ ምን አደርጋለሁ?»

ኦዴት ጥቂት አሰበችና አሥር ቁጥሮች ጻፈች። ኤርሊን አንገቷን አስግጋ ኮምፒውተሩን አየች።

«የማን ነው?»

«የእኔ።»

«ሲደውሉልሽ ምን ልትያቸው ነው?»

«ከእኔ ጋር ናት፣ ቆዩ ላቀብላችሁ እላለሁ።»

«የምተኛው አዳራሽ ውስጥ ነው። ውሸት ልትነግሪያቸው?»

«ካልመጣሽ ውሸት ይሆናል።»

ኦዴት አላጣደፈቻትም። ቅጹን ላከችው፤ ማረጋገጫውንም አትማ ሰጠቻት። ኤርሊን ወረቀቱን አራት አጥፋ የሸሚዟ ኪስ ውስጥ ከተተችና ተነሳች። ወደ በሩ ግን አልሄደችም፤ ከግድግዳው ሥር ካሉት ወንበሮች አንዱን ወደ ማራገቢያው አዙራ ተቀመጠች።

«ስንት ሰዓት ነው የምትወጪው?» አለች ከዚያው ሆና።

የሥራ ሰዓቱ የሚያበቃው በአሥራ አንድ ነው። ኦዴት ግን እነዚህን ቀናት ሁሉ እየዘጋች ብቻዋን ወለል ስትወለውል፣ የደረቀውን መደርደሪያ ደግማ ስታደርቅ ነበር የምታመሸው።

«አሥራ አንድ ሰዓት ሲል እንወጣለን» አለች።