ከቀዩ ቀለም በታች

ሽቅርቅሩ የስፕሬይ ቆርቆሮውን ጆሮው ሥር አስጠግቶ ይንጠዋል፤ ውስጡ ያለችው ኳስ ቀጭ ቀጭ ትላለች።

"ይቺ ደህና ናት" አለ። "ያቺኛዋ ግን ቀለሟ ረግቶ ኳሷን ውጦባታል። ተያት።"

ልጅቱ ጠንቋይ ቤት የገባች ይመስል አፏን ከፍታ ታየዋለች።

አባቷ የቀለም ሱቁ በር ላይ ቆሟል። አናጢ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በርና መስኮት ሲሠራ የኖረ። ሽቅርቅሩ ደግሞ ታናሽ ወንድሙ ነው፣ መኪና ቀቢ። የሥራ ቱታውን ኮሌታ ሳይቀር አስተኩሶ ስለሚለብስ ስሙን ያወጣችለት እናታቸው ናት፤ እሱም እንደ ሽልማት ተቀብሎታል።

ኧረ ቅናት አይጣል ነው! የልጅቱን ጊታር የሠራው ማነው? አናጢው። ሦስት ወር ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ሳይል፣ ጣውላ መርጦ፣ አጣብቆ፣ ወገቡን ሞርዶ፣ አንገቱን በልጅቱ መዳፍ ልክ ጠርቦ። ታናሽየው አንድ ቀን ብቅ ብሎ "ትንሽ ልፈግፍግልህ?" ቢለው፣ "እንጨቴን ማንም አይነካብኝም!" ብሎ አባሮታል። ከዚያ ሁሉ ልፋት በኋላ ልጅቱ ምን ብትል ጥሩ ነው? "ቀለሙን ግን አጎቴ ይምረጥልኝ።" የፊታችን ቅዳሜ ትምህርት ቤቷ መድረክ ላይ ወጥታ የምትጫወትበት ነውና ማማር አለበት። ይሁን፣ ይመር። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቱ ውስጥ አጎቴ እንዲህ አለ፣ አጎቴ እንዲያ አደረገ ብቻ ሆነ። አናጢው እርር ድብን እያለ ነው የከረመው።

"አባትየውስ ምን ይላሉ?" አለች ባለሱቋ።

"ቡኒ ይሻላል።"

"ቡኒ የቁም ሳጥን ነው አባዬ!" ልጅቱ ወደ ባለሱቋ ዞረች። "እሱ ስለ ቀለም አያውቅም። ለሱ ሁሉም ነገር በር ነው፤ ቢለቁት እኔንም የበር ቀለም ይቀባኛል።"

ሽቅርቅሩ ከት ብሎ ሳቀ፤ ባለሱቋም አፏን በእጇ ከለለች። አናጢው ፈገግ ለማለት ሞከረ፣ ፊቱ እምቢ አለው።

ልጅቱ ደግሞ ሳታውቀው እውነቷን ነበር። አናጢው ጊታሩን ጠርቦ ሲጨርስ፣ የእንጨቱን ቀዳዳ ለመድፈን ብሎ ከአንድ ደንበኛ በር የተረፈውን ነጭ የዘይት ቀለም ሁለት ጊዜ አልብሶታል። የእጅ ልማድ ነው፤ ለበር እንደሚያደርገው ነው ያደረገው። ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ ለማንም አልነገረም፤ የሚነገር ነገርም አልመሰለው።

ሽቅርቅሩ እንደ አዲስ መኪና የሚያብረቀርቅ ቀይ መረጠ።

"ወንድም ጋሼ፣ ከሥር ያለበስከው ነጭ ምንድነው?" አለ። "ይቺ ቶሎ ነው የምትደርቀው። የዘይት ቀለም ላይ ካረፈች ጉድ ይፈላል፤ ሥሩን ትቀሰቅሰውና እንዳለ ይጨማደዳል።"

አናጢው መጀመሪያ ደነገጠ። ቀጥሎ ግን አንድ ክፉ ሐሳብ ሽው አለበት። ይጨማደዳ! ያ እጁ ወርቅ ነው የሚባለው አጎቷ ሲያበላሽ በዓይኗ ትይ! ማን እንደሠራ፣ ማን እንዳጠፋ ያን ጊዜ ይለይላት ነበር።

"ቶሎ የሚደርቀው ነው" አለ። "ያንተው ዓይነት።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"ምን ነካህ? የቀባሁትን አላውቅም?"

"አንተ ካልክ አለቀ" አለ ሽቅርቅሩ።

"ለማንኛውም መጀመሪያ ቁራጭ እንጨት ላይ ሞክሩት" አለች ባለሱቋ ቆርቆሮዎቹን በፌስታል እያስገባች።

ግቢ ደርሰው ጊታሩን ልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ አንጠለጠሉት። ልጅቱ የአንገቱን ፊት በጋዜጣና በፕላስተር ሸፈነች። ሽቅርቅሩ አፍና አፍንጫውን በጨርቅ አስሮ ቆርቆሮውን መናጥ ጀመረ።

"አጎቴ፣ ቁራጭ ላይ ሞክሩት አላለችም?"

"የምን ቁራጭ? አባትሽ ነግሮኛል እኮ። ልጅ ሆነን ይኮረኩመኝ ነበር፣ ጫማዬን ይነጥቀኝ ነበር፤ ዋሽቶኝ ግን አያውቅም።" ጨርቁን ወደ አገጩ ዝቅ አድርጎ ጊታሩን በጣቱ ዳበሰው። "እዪው እስቲ ይሄን አንገት። እኔ ዕድሜ ልኬን ሰው የሠራው ላይ ቀለም እረጫለሁ። አንዲት ነገር እንኳ ከባዶ ሠርቼ አላውቅም። እውነቱን ልንገርሽ፣ በአባትሽ እቀናለሁ።"

አናጢው የሚገባበት ጠፋው። ቀናተኛስ እሱ ራሱ ነው! ሦስት ወር የደከመበትን እንጨት በገዛ ውሸቱ ሊያስበላው ነው፤ ደግሞም የራሱን ልጅ ቅዳሜ ባዶ እጇን መድረክ ሊያወጣት። ከተናገረ ግን የልጅቱ ቀልድ እውነት ሆኖ ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ሲተረት ይኖራል። ሽቅርቅሩ ጨርቁን መልሶ ጣቱን የቆርቆሮው አፍ ላይ አሳረፈ።

"ቆይ!" አለ አናጢው።

"ምነው?"

"የበር ቀለም ነው።"

"ምኑ?"

"ከሥር ያለው። የዘይት ነው፣ የበር ቀለም። እያወቅኩ ነው የዋሸሁህ።"

ልጅቱ ፕላስተሩን እንደያዘች ዞረች። "ለምን አባዬ?"

"ቀንቼ" አለ አናጢው።

ልጅቱ አልሳቀችም። ሽቅርቅሩ ቆርቆሮውን መሬት አስቀምጦ ኮሌታውን ነካካ።

"ቅዳሜ እኮ አራት ቀን ነው የቀረው" አለች ልጅቱ።

አናጢው ወደ ቤት ገብቶ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወረቀት ይዞ ወጣ። ያን ነጭ እስከ እንጨቱ ድረስ መፈግፈግ ለአንድ ሰው የአራት ቀን ሥራ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ቀዩ አለ፣ መድረቁ አለ። ወረቀቱን አገላብጦ አየው። ከዚያ ለሁለት ቀደደውና ግማሹን ለወንድሙ ዘረጋለት።

"በእንጨቱ መስመር ሂድ" አለው። "አግድም ከፈገፈግክብኝ እጅህን ነው የምቆርጠው።"