ከአፈ ሙዙ ጎን

1.

«ፍሬኑን ውሰጂ።»

ይህን ያለው የተኩስ ክለቡ መሣሪያ ጠጋኝ ዋና ሳጅን ቢልልኝ ነው። ጠረጴዛው ላይ አውራ ጣት የሚያካክሉ ሁለት ጥቁር ብረቶች ተቀምጠዋል። ሁለቱም ጠመንጃ አፈ ሙዝ ላይ እንደ ብሎን የሚጠብቁ ናቸው። አንደኛው ፍሬን ይባላል። ሌላው ኮምፐንሴተር ነው፤ ቢልልኝ ግን ምላሱን ማድከም ስለማይወድ «ማረጋጊያ» ይለዋል።

ሳጅን ትርንጎ በሁለት መዳፏ መዘነቻቸው። ክብደታቸው እኩል ነው። ይኼ ብቻውን አናደዳት።

2. ቅጽ

ስም፦ ሳጅን ትርንጎ ደጀኔ
ዕድሜ፦ ሠላሳ ስድስት
መሣሪያ፦ ግማሽ አውቶማቲክ ጠመንጃ
የጤና ሁኔታ፦ ቀኝ ትከሻ፣ የዳነ ስብራት
በአፈ ሙዙ ላይ የሚታሰር፦

ማሳሰቢያ፦ ከሐሙስ ቀን ስድስት ሰዓት ተኩል በኋላ የሚቀርብ ቅጽ ተቀባይነት የለውም። አንዴ የተሞላ አይቀየርም።

3.

ቅዳሜ የክለቡ ተኳሾች ምርጫ ነው። ለሴቶች ያለው ቦታ አንድ ነው። ትርንጎ ካለፈች ዓመቱን ሙሉ ተኳሽ ናት። ካላለፈች ሰኞ ጠዋት መዝገብ ቤት ትገባና ፋይል ስታገላብጥ ትውላለች።

መዝገብ ቤት ክፉ ቦታ አይደለም። መስኮት አለው፣ ወንበሩም ይሽከረከራል። ትርንጎ ግን የሜዳ ሰው ናት። ሜዳው ላይ በደረቷ ተኝታ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ጣቷን ቃታው ላይ ስታሳርፍ ራሷን ትወዳለች። ሌላ ቦታ ራሷን እንዲህ ወዳ አታውቅም።

4. ማብራሪያ (ጠመንጃ ነክተው ለማያውቁ፤ ጸሐፊውም አንዱ ነው)

የአትክልት ማጠጫ ጎማ ያዙ። ውኃውን በኃይል ክፈቱት። ጎማው ወደ ኋላ ይገፋችኋል።

አሁን አፉን በአውራ ጣታችሁ ጋርዱት። ውኃው ግራና ቀኝ ይረጫል፣ ግፊቱም ቀለል ይልላችኋል። ይኼ ፍሬን ነው።

ጣታችሁን አንሱና ከጎማው አፍ አጠገብ፣ ከላይ በኩል ቀዳዳ አብጁ። ውኃው ወደ ላይ ይተፋል፣ የጎማው አፍም ወደ ላይ መዝለሉን ይተዋል። ግፊቱ ግን እንዳለ ትከሻችሁ ላይ ነው። ይኼ ማረጋጊያ ነው።

ጠመንጃ ውስጥ ውኃ የለም። ያለው የባሩድ እሳትና ድምፅ ነው።

አሁን ወደ ጎን ዞር በሉ። ማን ረጠበ?

5.

ጋሽ አጥናፉ።

የቀድሞ አሰልጣኝ ናቸው፤ ጡረታ ወጥተውም ከሜዳው አልወጡም። ትርንጎ ስትተኩስ ከግራዋ አንድ እርምጃ ርቀው በርጩማ ላይ ይቀመጡና በሩቅ ማያ መነጽር ዒላማውን ይከታተላሉ። ዒላማው የተሰቀለ የብረት ሳህን ነው፤ ሲመታ ይጮኻል። ግራ ጆሯቸው ከሞተ ቆይቷል። የተረፋቸው ቀኙ ነው፤ እሱም ወደ ትርንጎ አፈ ሙዝ የዞረው ነው። የጆሮ መከላከያ አላቸው፤ ግን ቃታው ሊሳብ ሲል የቀኙን ገለጥ ያደርጉታል።

«መነጽሩ መሳትሽን ይነግረኛል» ይላሉ። «ለምን እንደሳትሽ የሚነግረኝ ጆሮዬ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ድምፁን ብቻ ሰምተው «ትንፋሽሽ አላለቀም» ወይም «ቃታውን ቆነጠጥሽው» ይሏታል። አንድ ቀን አሟቸው ቀሩና ብቻዋን ተኩሳ ከሠላሳ አሥራ ዘጠኝ መታች። አሥራ አንዱን ለምን እንደሳተች እስከ ዛሬ አታውቅም።

6.

ሰኞ፣ ማረጋጊያ
የመጀመሪያው ሠላሳ ጥይት፦ 29
ሁለተኛው ሠላሳ፦ 21

ማክሰኞ፣ ፍሬን
የመጀመሪያው ሠላሳ፦ 29
ሁለተኛው ሠላሳ፦ 28

ዓምና ያለፈችው ልጅ ከስልሳ የመታችው፦ 54

ከአርባኛው ጥይት በኋላ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ፍሬኑ ሲኖር አይንቀጠቀጥም። ቢልልኝ «አላልኩሽም?» አለ። «አላልኩሽም» ማለት ይወዳል።

7.

የጋሽ አጥናፉ ልጅ የሺመቤት በየቀኑ ልክ በስድስት ሰዓት ከአርባ ምንጭ ትደውላለች። የሚያወሩት ያው ነው። አባዬ በላህ? በላሁ። ዘነበ? አልዘነበም። ስልኩን ሲዘጉ ግን ፊታቸው ለአንድ ሰዓት ያህል ይበራል።

ማክሰኞ፣ ከተኩሱ በኋላ፣ ስድስት ሰዓት። ሁለቱ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ሻይ ይዘዋል። ስልኩ ከኮታቸው ኪስ ውስጥ

ጮኸ።

ጮኸ።

ተወ።

ጋሽ አጥናፉ ሻያቸውን ያማስላሉ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

8. ንግግሩ እንደነበረ

ትርንጎ፦ (ጠጋ ብላ፣ ጮክ ብላ) ጋሼ፣ ከነገ ጀምሮ ሁለቱንም ጆሮ ይሸፍኑ።
አጥናፉ፦ ከዚያስ ምን ልሥራ? ዣንጥላ ልያዝልሽ?
ትርንጎ፦ እሺ፣ አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ይበሉልኝ።
አጥናፉ፦ እዚያ ሆኜ የአንቺን ከሌላው መለየት አልችልም።
ትርንጎ፦ እንግዲያው ማረጋጊያውን እወስዳለሁ።
አጥናፉ፦ ትከሻሽ አርባ ላይ ይከዳሻል።
ትርንጎ፦ ጆሮዎስ?
አጥናፉ፦ ጆሮዬ የሰማው ይበቃዋል። እሱም ጡረታው ደርሷል።
ትርንጎ፦ የሺመቤት ደውላ ነበር። አሁን፣ እዚሁ።
አጥናፉ፦ (ስልኩን አውጥተው ያያሉ።)
አጥናፉ፦ (ወደ ኪሳቸው ይመልሱታል።)

9.

ረቡዕ ትርንጎ አልተኮሰችም። ቤቷ ተቀምጣ ተናደደች። መጀመሪያ በሳቸው፤ ጆሯቸውን ቁራሽ ዳቦ ይመስል እንካችሁ ስለሚሉ። ቀጥሎ በራሷ፤ ምክንያቱም መቀበል ትፈልግ ነበር።

ትፈልግ ነበር።

ጸሐፊው ይህን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ሰርዞት ነበር። ሁለቱንም ጊዜ መለሰው።

10.

ሐሙስ ጠዋት ፀሐዩ ያቃጥላል። ጋሽ አጥናፉ የክረምት ካፖርት ደርበው፣ ባርኔጣ ደፍተው፣ አንገታቸውን በሻርፕ ጠምጥመው መጡ። ቢልልኝ «ወዴት ነው ጉዞው?» አላቸው። እሳቸው በርጩማቸውን አንስተው ከትርንጎ በስተቀኝ አኖሩት።

በስተቀኝ ማንም አይቀመጥም። ጠመንጃው በተተኮሰ ቁጥር ባዶውን ቀለሃ የሚወረውረው ወደዚያ ነው፤ ቀለሃው ደግሞ ከእሳት እንደወጣ ምስማር ያቃጥላል።

«በዚህ በኩል ወደ አፈ ሙዙ የሚዞረው የሞተው ጆሮ ነው» አሉ። «ለምን ሥራ ፈቶ ይቀመጣል?»

በፍሬኑ ሠላሳ ተኮሰች። ሠላሳ ቀለሃ ካፖርታቸው ላይ ዘነበ። አንዱ በሻርፑ አልፎ አንገታቸው ውስጥ ገባ። ዓይናቸውን ከመነጽሩ ሳያነሱ «ይቺ እንኳን ሞቅ ትላለች» አሉ። ትርንጎ ከሳቀች ስለምትስት ከንፈሯን ነከሰች።

ሃያ ዘጠኝ።

ጋሽ አጥናፉ ወደ ሻዩ ሲሄዱ፣ በዚህ በኩል ሲቀመጡ ቀኝ ጆሯቸው ከድምፁ ይተርፍ እንደሆነ ቢልልኝን ለብቻው ጠየቀችው።

«ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም» አላት። «ድምፅ ጭንቅላት ዞሮ ይሄዳል። ለሳቸው በቂ ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም።»

አላልኩሽም አላለም።

11.

አምስት ሰዓት ከሃምሳ አምስት። የቆርቆሮው ጥላ። ሻይ።

ቅጹ ጭኗ ላይ ነው፣ እስክሪብቶው በእጇ። «ይሰማዎታል?» ብላ አልጠየቀቻቸውም። እሷ ከሆነች የጠየቀችው መልሳቸው የታወቀ ነው።

የምትጠይቀው የሺመቤት ናት። ስልኩ ኪሳቸው ውስጥ ነው። እጃቸው ወደ ኪሳቸው ከሄደ ትርንጎ «ፍሬን» ብላ ትጽፋለች። ካልሄደ «ማረጋጊያ» ትላለች፤ ሰኞም መስኮት ያለው ክፍል፣ የሚሽከረከር ወንበር። ይህን ለማንም አልነገረችም። ጋሽ አጥናፉ ስኳር ጨምረው ያማስላሉ።

12.

ስድስት ሰዓት።

ስልኩ ጮኸ።

ትርንጎ የምታየው እጃቸውን ነው። እጃቸው ማንኪያ ይዟል።

ጮኸ።

ማንኪያው ቆመ።



በአፈ ሙዙ ላይ የሚታሰር፦