ከኩታው ሥር የነበረው እጅ

ዲንኪቱ የነጌሌን የከብት ገበያ ውሎ በፎቶግራፍ እንድትተርክ መምህሯ ሲያዟት፣ ካሜራውን ያዋሳት ባለ ፎቶ ቤቱ ኑሪ አንድ ነገር ብቻ መክሯት ነበር፤ «ልጄ፣ ዘንድሮ ጥላም ይጠረጠራል።»

ምክሩን ሰምታ ረሳችው። የግመሎቹን አቧራ፣ የጨው ሻጮቹን ሰልፍ አነሳች። የእናቷ ወንድም ደላላው ጃልዴሳ ግን ሌንሱን ወደ እሱ ስታዞር ሳቀባት። «ከኔ ይልቅ የሰጠሁሽን ቦቃ ጊደር አንሻት፤ እሷ ታምራለች።»

ጊደሯንም አነሳቻት፣ እሱንም አልተወችውም። ጃልዴሳና ከፊልቱ የመጣው ነጋዴ ሀሺ እጃቸውን ከአንድ ኩታ ሥር ሰደው፣ ፊታቸውን ወዲያና ወዲህ አዙረው ቆመዋል። በዚያ አገር የከብት ዋጋ በአፍ አይጠራም፤ ከጨርቅ ሥር ጣት ለጣት ይነግረዋል። ይህን የማያውቅ የለም ብላ ከፎቶው ግርጌ ምንም አልጻፈችም።

የፎቶዎቿ ዐውደ ርእይ በሚከፈትበት ዋዜማ ካድሬው ጓድ ወልደሰንበት ከዚያ ፎቶ ፊት ቆሞ ቀረ። የሶማሊያ ጦርነት ካበቃ ገና ዓመት አልሞላውም፤ ከሶማሌዎቹ ከተማ ከፊልቱ የመጣ ሁሉ ሰርጎ ገብ የሚመስልበት ጊዜ ነበር። ጃልዴሳን አስጠራው።

«ከኩታው ሥር ምን አቀበልከው?»

«ጣቴን።»

«ምን እያልክ?»

«እሱ የሁለት ሰው ነው፤ ለሦስተኛ አይነገርም።»

«እንግዲያው ለእስር ቤቱ ግድግዳ ትነግረዋለህ።»

ዲንኪቱ ጣልቃ ገባች። «ጓድ፣ የወይፈን ዋጋ ነው።»

«ፎቶው ወይፈን አያሳይም። ፊታቸውን የሚሸሽጉ ሁለት ሰዎች ነው የሚያሳየው፤ ምስክሯም አንቺ ነሽ።»

በገዛ እጇ አጎቷን ወደ ወህኒ እንደገፋችው ታያት። «አቡያ፣ እባክዎ ያሳዩት» አለች፣ የእናት ወንድም በሚጠራበት ስም።

ጃልዴሳ ትክ ብሎ አያት። ኩታውን ከትከሻው አውርዶ በካድሬው እጅ ላይ ጣለና የራሱን እጅ ከሥሩ ሰደደ። ጨርቁ ተላወሰ፤ ጸጥ አለ። እንደገና ሲላወስ ግን እንቅስቃሴው ከካድሬው ወገን ነበር። ሰውየው መልስ እየሰጠ ነው። ፊቱንም ወደ መስኮቱ አዙሯል፣ በፎቶው ላይ እንዳሉት ሁለት ሰዎች።

«ዋጋ ነው» አለ እጁን እየሳበ። «ፎቶው ይሰቀል።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ዲንኪቱ መታገሥ አቃታት። «አቡያ፣ ካድሬው ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር?»

«ከሀሺ ይበልጥ ያውቃል። ጣቱ አይለቅም።»

«በምን ተስማማችሁ?»

«የሁለት ሰው ነው አልኩሽ።»

በማግስቱ ቦቃዋ ጊደር ከበረቱ አልነበረችም። ዲንኪቱ ፎቶዎቹ ወደተሰቀሉበት ወደ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሄደች። ጓድ ወልደሰንበት ቀድሟታል፤ የጃልዴሳን ፎቶ አልፎ ከጊደሯ ፎቶ ፊት ቆሟል። አንገቱን ዘመም አድርጎ፣ የገዛውን ከብት እንደሚመረምር ሰው፣ ከቀንድ እስከ ሰኮና ያያታል።

«ጥሩ አድርገሽ አንስተሻታል» አላት።