ያልተጠየቀ ፈቃድ

ጥላዬ ሪያድ በሚባለው የካርቱም ሰፈር የአንድ ቪላ ዘበኛ ነው። ካርቱም በወጣትነቱ ገብቶ እዚያው ሸብቷል። መንግሥት ሲወርድ ደጋግሞ አይቷል፤ ክልክል ነገር ሲቀንስ ግን አላየም። የተከለከለውም ሁሉ በጠራራ ፀሐይ በየመንገዱ ይሠራል። ሰው የሚያዘው አለቃ የተቆጣ ዕለት ነው።

ከቪላው ግንብ ሥር የወሎዋ ዘሃራ ሻይ ታፈላለች። ፈቃድ የላትም። ካላክላ ሰፈር በተከራየቻት ክፍል ልጆቿን የምታሳድገው ግን በዚህችው ሻይ ነው። የሰፈሩ ፖሊስ ሙስዐብ በየጠዋቱ መጥቶ ከዝንጅብሉ ይጠጣል። ከሻ፣ ሻይ ሻጮችን የሚያፍሰው መኪና፣ ሊወጣ ሲል ሙስዐብ ሳይጠጣ ያልፋል። እሷም ወዲያው ዕቃዋን ሰብስባ ጥላዬ ወደሚከፍትላት ግቢ ትገባለች። ስለዚህ ነገር ሦስቱም ተነጋግረው አያውቁም።

ወታደሮቹና ሲቪሎቹ አብረው መግዛት በጀመሩ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ዘሃራ አዲስ ቶብ ተጠቅልላ መጣች።

«ጋሼ፣ ማዘጋጃ ቤት ልሄድ ነው።»

«ምን ጠፋብሽ?»

«የመሸጫ ሩኽሳ ላወጣ ነዋ! አሁን እኮ መደኒያ ነው፣ የሲቪል መንግሥት። ያ የሴቶች መከራ የነበረው ሕግም ተሰርዟል፤ በራዲዮ ሰምቻለሁ።»

«ሙስዐብስ ተሰርዟል?»

«ኧረ ጋሼ! እርስዎ ደግሞ እንደፈሩ ሊሞቱ ነው!»

«ፈቃድ አሳዪ ያለሽ ሰው አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያ ለማን ነው የምታሳዪው?»

ሄደች። ወጣቱ ሠራተኛ በትሕትና አስቀመጣት፤ ውሃም ሰጣት። የት እንደምትሸጥ ሲጠይቃት ደስ ብሏት መንገዱን፣ ግንቡን፣ የበሩን ቀለም ሳይቀር ነገረችው። ከዚያ በኋላ፣ ለውጭ አገር ሰው ሩኽሳ አይሰጥም አላት። አሮጌ ሕግ ነው፤ እሷ እስክትመጣ ያስታወሰው አልነበረም።

በማግስቱ መኪናው ቀጥ ብሎ መጥቶ ግንቡ ሥር ቆመ። ሙስዐብ ከኋላ ወረደ። ዓይኗን ሳያይ ፍሙን ደፍቶ ምድጃውን ጫነ፤ በርጩማዎቹንም ጫነ።

«አንተ ሙስዐብ! ሐራም አይደለም?»

«ቦታውን የተናገርሽው አንቺ ነሽ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ መቼ ተናገርኩ?»

መኪናው ከሄደ በኋላ ዘሃራ ባዶው ቦታ ላይ ተቀመጠች። ልጆቿ ማታ ምን እንደሚበሉ አታውቅም። ጥላዬ ምሳውን አካፈላት።

በዚያው ሰሞን አንድ ጠዋት፣ ዘሃራ በየቪላው ሥራ ስትለምን ቆይታ ጥላዬ ዘንድ አረፍ ብላ ሳለ፣ ሙስዐብ ምድጃውን በረክሻ፣ በባጃጅ፣ ጭኖ መጣ። በርጩማዎቹ ጠፍተዋል አለ።

«ያ ዐም ጥላዬ፣ አጎቴ፣ ሻይ ካጣሁ ወዲህ ራሴን ያመኛል። ግን ግንቡ ሥር ክልክል ነው።»

«ግንቡ ሥር ነው ክልክል ያሉት?»

«ግንቡ ሥር።»

ጥላዬ ምድጃውን አንሥቶ መንገዱን ተሻገረ፤ ፊት ለፊት ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጠው። ዘሃራ ተከትላው ከሰሉን እያራገበች ግራና ቀኝ አየች።

«ጋሼ፣ እዚህስ ይፈቀዳል?»

«አልጠየቅንም» አለና ለሙስዐብ መቀመጫ ድንጋይ አስጠጋለት።